ጭሱ ያዘነበለበት ግድግዳ

ይርገዱ ቤት ስትመረምር ቸኩላ አታውቅም። መጀመሪያ ከውጭ ሁለት ጊዜ ትዞረዋለች። ከዚያ ትገባና በሩን አዘግታ፣ ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ ቆማ ትጠብቃለች። በገል ላይ ደረቅ ኩበት ለኩሳ ነበልባሉን እፍ ብላ ታጠፋዋለች፤ የምትፈልገው ጭሱን ነው። ገሉን ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋ በግድግዳው ሥር ሥር ታስኬደዋለች። የራሷ ትንፋሽ እንዳያሳስታት ትንፋሿን ትይዛለች። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ግድግዳው ጤነኛ ነው። ወደ እሷ ከዞረ ነፋስ እየገባ ነው፤ ወደ ግድግዳው ከተሳበ ሙቀት እየወጣ ነው። ያን ቦታ በከሰል ምልክት ታደርግበትና ትቀጥላለች። ሁለተኛውን ዙር በወገቧ ልክ፣ ሦስተኛውን በራሷ ልክ ትዞራለች። ምልክቶቹን ቆጥራ ሳትጨርስ አንድ እፍኝ ጭቃ አታነሣም።

ይህን ሙያ ያስተማራት ችግር ነው። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት መንደር ምሥረታ መጣና የፎገራ ገበሬ አያት ቅድመ አያቱ የኖሩበትን ቤት በገዛ እጁ አፍርሶ፣ ከወረታ ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በገመድ በተለካ መስመር ላይ አዲስ ቤት ሠራ። የተሰጠው ጊዜ አንድ ወር ነበር። ወጋግራው እርጥብ ባሕር ዛፍ፣ ጭቃው የጥድፊያ። እንጨቱ ሲደርቅ ኮሰመነና ጭቃውን ለቀቀው፤ ኅዳር ሲገባ ከጣና የሚነሣው ነፋስ በቤቱ ውስጥ ያለ ከልካይ ይመላለስ ጀመር። ሜዳው ዛፍ የለውም፤ የሚነደው ኩበት ነው። በአሮጌው ቤት በአራት ኩበት የሚያነጋ ቤተሰብ በአዲሱ ዘጠኝ ማግዶም ሲንቀጠቀጥ ያድር ነበር። በዚያ ዓመት ብርድ ሦስት አራስ ልጆች ተቀበሩ። ሦስተኛው የይርገዱ እኅት ልጅ ነበር።

ይርገዱ የመሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ናት፤ ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም። ከአባቷ የወረሰችው አንድ ልማድ ነው፤ ጊዜን በጸሎት መቁጠር። አባቷ በሽተኛ ሲያስታምሙም ንፍሮ ሲያስቀቅሉም «ሠላሳ አቡነ ዘበሰማያት» ይሉ ነበር እንጅ «ትንሽ ቆይቶ» አይሉም ነበር። እሷም ጭስ ስትይዝ፣ ጭቃ ሲደርቅ፣ ቤት ሲቀዘቅዝ እንዲሁ ትቆጥራለች።

መጀመሪያ ሰው ሳቀባት። «ነፋስ አሳዳጇ» አሏት። የአያ መንግሥቴ ቤት ከዘጠኝ ኩበት ወደ አምስት ሲወርድ ግን ሳቁ ቆመ። በሁለተኛው ዓመት መንደሩን በሙሉ ልማዱ ያዘው። በየደጃፉ ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ በእንስራ ስባሪ ይቀመጣል። ቀዳዳ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ሆነ። ቄሱም ሚሊሻውም መንገዱን ሲያልፍ የማንም ግድግዳ ተቀዶ ካየ ጎንበስ ይልና በአውራ ጣቱ ይጠቀጥቅበታል። «ደፈንኩልሽ!» ይላል። ባለቤቲቱም ከውስጥ «ክፉ ቀንህን ይድፈንልህ!» ብላ ትመርቀዋለች።

በጥር ሰማንያ አንድ የብሔራዊ ውትድርና ኮታ መጣ። ለመንደሩ የተደለደለው ስድስት ጎረምሳ ነው። አምስቱ በጥምቀት ማግሥት ተለቅመው ወረታ ገቡ። ስድስተኛው የደብሬ ልጅ ደሳለው ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የደብሬ ታላቅ ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት ሄዶ ወሬውም አጥንቱም አልተመለሰም። ቅዳሜ ጠዋት ደብሬ ወደ ይርገዱ ቤት መጣች፤ አላለቀሰችም።

«ግድግዳ ትሠሪልኛለሽ» አለቻት። «ከኋላው ሰው የሚያስቆም።»

ይርገዱ ከጓዳው የኋላ ግድግዳ አንድ ክንድ ከስንዝር ገባ ብላ ሁለተኛ ግድግዳ አቆመች። ለአየር ሁለት ሸምበቆ በውጩ ግድግዳ አሳለፈች፤ አንዱን ከታች፣ በደጅ በኩል ከኩበቱ ክምር ጀርባ፤ አንዱን ከላይ፣ በክዳኑ ሣር ውስጥ። አየር መግቢያ ብቻ ሳይሆን መውጫም ይፈልጋል። ደሳለው ከመግባቱ በፊት ራሷ ገብታ ሞከረችው። የታችኛውን ሸምበቆ በመዳፏ ደፍና ቆጠረች። በስድሳኛው አቡነ ዘበሰማያት ጆሮዋ ጮኸና መዳፏን አነሣች። ሸምበቆው ክፍት ከሆነ ግን ሰው ሳምንትም ይቆማል። ልጁን ከአንድ ቅል ውኃና ከአንድ አቁማዳ በሶ ጋር አስገብታ መረገችበት፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መኪናው ከወረታ ሲነሣ ልታወጣው። አዲሱን ጭቃ በእበትና በጥላሸት አሸችው፤ የሦስት ዓመት ግድግዳ መሰለ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። ጭቃ ሰባት ቀን መቡካት አለበት። ይህኛው የቦካው ግማሽ ቀን ነው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጠሯት።

ደብሬ በግቢዋ መሐል በጉልበቷ ተንበርክካለች፤ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ወፍጮ መጅ ተሸክማለች። እጇ ሲዝል ከኋላዋ የቆመው ካድሬ በጎማ አለንጋ ጀርባዋን ይገርፋታል። ቀሚሷ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ተተልትሏል። ካድሬው ካሴ ይባላል፤ ከአውራጃ የመጣ፣ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ከጎኑ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በላቸው መሬት መሬት እያየ ቆሟል። ሁለት ሚሊሻዎች ነበሩ። አዛናው አርባ የዘለለ፣ አንድ እግሩን የሚያነክስ ነው። አንለይ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የአማከለች አንድያ ልጅ፣ ጠመንጃውን እንደ መቋሚያ ተደግፎ የሚቆም ቀልደኛ።

«የነፋስ ሐኪሟ አንች ነሽ?» አለ ካሴ።

«መራጊ ነኝ» አለች ይርገዱ።

«ሊቀመንበሩ ሌላ ነው የነገረኝ። ቀዳዳ ከአንች አይደበቅም አለኝ።»

በላቸው ጉሮሮውን ጠረገ። «ለሥራዋ ምስጋና ብዬ ነው እኮ ያነሣሁት...»

«ዝም በል። ስሚ አንች ሴትዮ። ልጁ ከዚህ ቤት አልወጣም። ቆጡን በሳንጃ ወግተናል፣ ጎታውን ገልብጠናል። የቀረን ከወለሉ በታች ነው። ጉድጓድ ካለ ክዳን አለው፤ ክዳን ካለ ቀዳዳ አለው። ጭስሽ ይፈልግልኝ።»

አለንጋው ጧ አለ። መጁ ከደብሬ እጅ አምልጦ ትከሻዋን መትቶ ወደቀ። ካሴ ጎንበስ ብሎ ራሱ አነሣና መልሶ አሸከማት።

ይርገዱ ገባች። ካሴ ተከትሏት ገባና በሩን ዘጋ። ገሉን ለኩሳ ወለሉን ከደጃፉ ጀምራ በክንድ በክንድ እየከፈለች ፈተሸችው። ጭሱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወጣ። ካሴ በአራት እግሩ እንደሚሄድ ሰው ተደፍቶ ከጭሱ ዓይኑን አልነቀለም። ፈጥኖ የሚማር ሰው ነበር፤ በአሥረኛው ክንድ ላይ ትንፋሹን መያዝ ጀመረ። ይህ ከአለንጋው ይበልጥ አስፈራት።

ወለሉ አለቀና ጓዳ ደረሱ። ከኋላው ግድግዳ ሥር ስታልፍ እጇን ልታፈጥን አሰበች፤ ከፈጠነች ግን ያውቃል። እንደ ሌላው ቦታ ሁሉ ቀስ አለች። ጭሱ አንድ ጊዜ ተወዛወዘ፤ ከዚያ እንደሚጠጣ ነገር ወደ ግድግዳው ተስቦ ገባ። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ነበረ። ጭቃው ሳይቦካ ደርቆ ተሰንጥቋል።

«እሱ ምንድን ነው?»

«ግድግዳው ተሰንጥቋል። ሙቀት በዚህ ይወጣል።»

«ማን መረገው?»

«እኔ።»

«የነፋስ ሐኪም የመረገችው ይሰነጠቃል?»

«ጭቃው አልቦካም ነበር። አምና ጥምቀት ደርሶብኝ ቸኮልኩ።»

ካሴ ስንጥቁን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ጥላሸት ጣቱን አጠቆረው። ግድግዳው ለእሱ የውጭ ግድግዳ ነበር፤ የሚፈልገው ጉድጓድ ነው። ሆኖም አልተወውም።

«ሌላም ፈተና አለሽ አሉኝ» አለ። «ቤቱን በጭስ ሞልተሽ ከውጭ የምታይው።»

«አለ።»

«አድርጊው። ስንጥቁ ወደ ውጭ ከሆነ ጭሱ በዚያ ሲወጣ አያለሁ። ወደ ሌላ ከሆነም አያለሁ።»

ወጡ። አንለይና አዛናው ከደጁ ክምር ኩበት እየተሸከሙ ምድጃው ላይ ቆለሉ። ካሴ የደብሬን የበርበሬ ቅል አንሥቶ እስከ መጨረሻው በእሳቱ ላይ ገለበጠው።

«ኧረ ጓድ ካሴ!» አለ አንለይ እየሳቀና እየሳለ። «በርበሬ ማጠን እኮ የልጅ መቅጫ ነው!»

«ልጅ አይደል የምንፈልገው?»

በሩን ከውጭ ጠፍረው አሰሩት። የበሩን ዙሪያ አዛናው ከደጃፉ እንስራ ስባሪ በተዛቀ ጭቃ መረገው፤ እጁ ለምዶ ሳይታዘዝ ነው የሠራው። ይርገዱ ቤቱን መጀመሪያ ስትመረምር ያገኘቻቸው ቀዳዳዎች ሃያ ሰባት ነበሩ፤ ሃያ ሰባቱንም አንድ ሳታስቀር ደፍናቸዋለች። አሁን ያ ሁሉ ጥንቃቄ ጭሱን ውስጥ አመቀው። ጭሱ ስንጥቋ ላይ ደርሶ ወደ ልጁ እስኪያልፍ ብዙ እንደማይፈጅ ታውቃለች። ልጁ ደግሞ አያስልም፤ እናቱ በጣራ ገዳም ታቦት አስምላዋለች።

ወደ ኋላ ዞሩ። ይርገዱ መጀመሪያ ያየችው የታችኛውን ሸምበቆ ነበር። የኩበቱ ክምር ተነሥቶ ስላለቀ አፉ ተጋልጧል። እንደ አይጥ ቀዳዳ የሚመስል ክብ ጥቁር ነጥብ ነው። ቢሆንም ክፍት ነው፤ ልጁ አፉን ከለጠፈበት ይተርፋል። ዓይኗን ወደ ላይ አነሣች። ከክዳኑ ሣር ውስጥ ቀጭን ጭስ ብቅ አለ።

«ያው ወጣ!» አለ በላቸው በጥድፊያ። «ስንጥቁ ወደ ውጭ ነው ጓድ ካሴ። ጉድጓድ የለም።»

ካሴ እጁን በግንባሩ ላይ ጋርዶ ጭሱን አየ። «ምናልባት» አለ። «በሩ ግን እስከ ስድስት ሰዓት አይከፈትም። ካለ ይወጣል፤ ካልወጣም እዚያው ይቀራል።»

ያኔ አንለይ ጎንበስ አለ። ይርገዱ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ከማወቋ በፊት እጁ ሠርቷል። አንድ እፍኝ ጭቃ ከነኩበቱ ድቃቂ ቀዳዳዋ ላይ ለጠፈና በአውራ ጣቱ ጠቀጠቀው፤ በተረከዙ ደግሞ ደለደለው። ቀና ብሎ ጥርሱን ገለጠ።

«እትዬ ይርገዱ፣ አንች የረሳሻትን እኔ ደፈንኩልሽ!»

ሁለት ዓመት ሙሉ ሲባል የኖረው ምርቃት አልወጣላትም።

መቁጠር ጀመረች። በልቧ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። አየር ብቻ ሲሆን ስድሳ ነው። በበርበሬ ጭስ ግማሹ። ሠላሳ ሰጠችው።

በአምስተኛው ላይ «አንለይ፣ ያችን ክፈታት» አለች። ድምፅዋ ደህና ነበር። «ቀዳዳ በመሐል ከተደፈነ ፈተናው ትክክል አይሆንም።»

«ፈተናሽ አልቋል» አለ ካሴ። ዓይኑ ከክዳኑ ወርዶ ፊቷ ላይ ተተከለ። «ትክክል ሆነ አልሆነ ምን ጨነቀሽ?»

«ሥራዬ ነው ብዬ ነው።»

«ማንም ምንም እንዳይነካ። አንችም ንቅንቅ እንዳትዪ።»

ሰባት። ስምንት። ደብሬን አዛናው ጎትቶ አምጥቶ ከግድግዳው አራት እርምጃ ላይ ጥሏታል። ካሴ ወደ እሷ ዞረና ጫማውን የዘረጋችው እጇ ላይ አሳረፈ።

«ልጅሽ ወረታ ቢሄድ ልብስ ይለብሳል፣ ጫማ ይጫማል። እዚህ ምን አለው? ኩበት።»

«ልጅ የለኝም» አለች ደብሬ። «አንዱን በላችሁት፤ ሌላው ጠፋ።»

ጫማው ተጫነ። አጥንት ሲንቋቋ ተሰማ። ደብሬ ጥርሷን ነክሳ አፈሩን ላሰች እንጅ አልጮኸችም። አሥራ አምስት። በላቸው ፊቱን አዞረ። ደብሬ በተደፋችበት አንገቷን ቀና አድርጋ ይርገዱን አየቻትና ራሷን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ነቀነቀች፤ ጥቂት ብቻ። እንዳታደርጊው ማለቷ ነው። ደብሬ የላይኛው ሸምበቆ ይበቃዋል ብላለች። የላይኛው ጭስ ማውጫ ብቻ እንደሆነ የምታውቀው ይርገዱ ናት።

ሃያ። ዝም ብትል ካድሬው ስድስት ሰዓት ላይ ባዶ ቤት አግኝቶ ይሄዳል፤ ልጁ ግን የሚወጣው በቃሬዛ ነው። ብትናገር ልጁ በሕይወት ይወጣል፤ ወንድሙ በሄደበት መንገድ ይሄዳል። ሁለቱን መዘነቻቸው፤ ሦስተኛ አላየችም።

ሃያ ሦስት። ከግድግዳው ውስጥ ጭረት ተሰማ፤ የጥፍር ጭረት። አንለይ «አይጧን አጠንናት!» ብሎ ሳቀ። ሃያ አራት። ጭረቱ ቀጠለ። ሃያ አምስት። ጭረቱ ቆመ።

የደብሬ ዶማ ከአጥሩ ተደግፎ ነበር። ይርገዱ ሦስት እርምጃ ሄዳ አነሣችው። ማንም ወዲያው አልገባውም፤ መራጊ ዶማ ስታነሣ ምን ይገርማል? የመጀመሪያው ምት ምርጊቱን አረገፈው። ሁለተኛው ማገሩን ሰበረው፤ ቀይ፣ የሚያቃጥል ጭስ ፊቷ ላይ ፈነዳ። ካሴ ሲጮህ ሰማችው። አዛናው እያነከሰ ሮጠ። ሦስተኛውን ለመምታት ዶማውን ከራሷ በላይ አነሣች።

በተቀደደው ግድግዳ በኩል እጅ ወጣ።

ጭቃ የለበሰ እጅ ነበር፤ የተሰበረውን ማገር ጨብጦ ራሱን ሊስብ ይታገላል። ቀኝ እጅ ነው። አውራ ጣቱ ከታች፣ አራቱ ከላይ። እንባዋ እየወረደ እንኳ ሁሉንም ለይታ አየቻቸው፤ ሌባ ጣት፣ የመሐል ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ ትንሽ ጣት። ዶማው ከላይ ነበር። ከጠመንጃ ጋር የሚሄደው የትኛው ጣት እንደሆነ በዚያ አገር የማያውቅ እናት የለችም።

ወረደ።

የልጁ ጩኸት ከግድግዳው ውስጥ ነው የመጣው፤ ታፍኖ፣ በጭስ ታንቆ። ደብሬ እስከዚያች ሰዓት ያላወጣችውን ጩኸት አሁን አወጣችው። አዛናው ደርሶ ይርገዱን በትከሻው ገፍቶ ጣላት። አንለይ በእጁም በእግሩም ግድግዳውን እየናደ ደሳለውን በብብቱ ጎትቶ አወጣው፤ ሲያወጣው «አይዞህ፣ አይዞህ ወንድሜ» ይለው ነበር። ልጁ መሬት ላይ ተዘርግቶ ጥቁር ንፍጥና ውኃ አስታወከ። ዓይኑ አብጦ ተጨፍኗል። ደረቱ ግን ከፍ ዝቅ ይላል። ሁለት ጣቶች ማገሩ ሥር ጭቃ ላይ ቀርተዋል።

ካሴ ተራምዶ መጣ። መጀመሪያ ጣቶቹን በጫማው ጫፍ ገለበጣቸው። ከዚያ የልጁን እጅ አንሥቶ በፀሐይ አየው። ከዚያ የአዛናውን ጠመንጃ ተቀብሎ ሰደፉን ይርገዱ አፍ ላይ አወረደው። ጥርሷ ምላሷ ላይ ረገፈ።

«ሆን ብለሽ ነው።»

«ጭስ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር» አለች። ደሙ ቃሉን አጎላደፈው።

«የፀጉር ስንጥቅ የምታይ ሴት ጣት ሳታይ ቀረች?» ሰደፉ ጎኗ ላይ ወረደ። «ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ጣት ነው! ለምን ቆራጣ አመጣህ ተብዬ እኔ ልጠየቅ?» ሁለት ጊዜ ደገማት። ሦስተኛውን አዛናው «ትሞትብናለች» ብሎ ክንዱን ያዘበት።

ካሴ ጠመንጃውን መለሰለት። ላቡን በእጅጌው ጠረገ፤ ሰዓቱን አየ። ድምፁ እንደ ቀድሞው ዝቅ አለ።

«መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል። ስድስት ብዬ ፈርሜያለሁ።»

«ሌላ እንፈልጋለን፣ ጓድ ካሴ» አለ በላቸው። «እስከ ነገ ብቻ...»

«ነገ መኪና የለም።» ካሴ የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ አየ። በላቸው ላይ አልቆየም፤ ሽማግሌ ነው። የአዛናውን እግር አየ፣ አለፈው። አንለይ የደሳለውን ራስ ጭኑ ላይ አስደግፎ ፊቱን በውኃ እያጠበለት ነበር።

«ተነሥ» አለው ካሴ። «እጅህን አሳየኝ።»

አንለይ ቀልድ መሰለውና ሁለት እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን አወዛወዘለት።

«አሥሩም አሉ። ጠመንጃህን ለሊቀመንበሩ ስጥ።»

«እንዴ! እኔ እኮ ሚሊሻ ነኝ ጓድ ካሴ!»

«ከዛሬ ጀምሮ ወታደር ነህ። ሹመት ነው። እሰረው አዛናው።»

አዛናው በላቸውን አየው። በላቸው አፈሩን አየ። ገመዱ ለደሳለው የመጣው ገመድ ነበር። አንለይ እስኪታሰር ድረስ ፊቱ ላይ ግማሽ ሳቅ ቀርቶ ነበር፤ ቋጠሮው ሲጠብቅ ጠፋ። ተወራጨ። ካሴ በአለንጋው እጀታ ጆሮ ግንዱን መታውና ፀጥ አለ።

ሲወስዱት በይርገዱ አጠገብ ነው ያለፉት። «እትዬ ይርገዱ» አላት። ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ግራ የገባው ሰው ድምፅ ነው። «እኔ ምን አደረግሁ?»

ካሴ መለስ ብሎ «አንችን በሌላ ቀን አገኝሻለሁ፤ ሴት ኮታ አይሞላልኝም» አላትና ወረታ ወደሚወስደው መንገድ ወጡ።

ደብሬ በተሰበረ እጇ እየተጎተተች ልጇ ዘንድ ደርሳ፣ መቀነቷን ፈትታ እጁን ጠፍራ ታስር ነበር። ጥርሷን እንደ ሁለተኛ እጅ ትጠቀምበታለች። ቋጠሮውን ጨርሳ ደሙ መቆሙን ካየች በኋላ ነው የተናገረችው።

«በሦስት ጣት እርፍ ይያዛል» አለች፤ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። ቀና ብላ ይርገዱን አየች። «ሂጂልኝ። ዛሬ ፊትሽን ማየት አልችልም። ነገ ነይ።»

ይርገዱ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። ስትተነፍስ ጎኗ ይወጋታል፤ ሁለት አጥንት ሳይሰበር አልቀረም። ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ በስተግራ ነበር። በስተቀኝ ወረደች። ወሬው የአንለይ እናት ቤት ሳይደርስ መድረስ ነበረባት፤ ከሌላ ሰው አፍ ሊሰሙት የማይገባ ነገር አለ።

አማከለች ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጓያ ትለቅማለች። ለብርሃኑ ብላ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታለች። ኮቴ ሰምታ ዞረችና ደነገጠች።

«በማርያም! አፍሽን ምን ነካሽ? ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ? ነይ ግቢ፣ ውኃ ላምጣልሽ...»

«አማከለች፣ ተቀመጭ።»

«ምን ሆነሻል?»

«አንለይን ወሰዱት። ወረታ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናው ይነሣል። ብትሮጭ ትደርሻለሽ።»

አማከለች ሳቀች። «አንለይን? እሱ ጠባቂው አይደል እንዴ! የዚያችን የደብሬን ልጅ ፍለጋ ነው የወጣው።»

«በደብሬ ልጅ ፈንታ ነው የወሰዱት።»

ሳቁ ፊቷ ላይ ደረቀ። ሰፌዱ ጭኗ ላይ እንዳለ ነው። ከመንደሩ ማዶ አንዲት ሴት መጮህ ጀመረች፤ ወሬው ከኋላ እየደረሰ ነበር።

«ማን አሳልፎ ሰጠው?» አለች አማከለች። «በላቸው ነው? ያ ካድሬ ነው?»

ይርገዱ የካድሬውን ስም መጥራት ትችል ነበር። ውሸት አይሆንም ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች።

አማከለች ሰፌዱን አንዲት ፍሬ ሳታረግፍ መሬት አስቀመጠችው። ተነሣች። ዓይኗ መምቻ ፍለጋ ደጃፉን ዞረ፤ በሩ ሥር የተደገፈው ዘነዘና ላይ አረፈ። ይርገዱ እጇን ወደ ጎን አውርዳ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።